ጡሩምባው

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጎማ ለጣፊው በስተግራ በኩል፣
ስልክ የምጠግንባት ክንድ ከስንዝር የሆነች፣ ቆርቆሮ ለባሽ ክፍል።
አቶ ይመር መጡ፣ ጋቢ ውስጥ ሸሽገው፣ ሕፃን እንዳቀፈ፤
«ይሄ ልጅ ይሄዳል፣ አፍ ግን አልፈታም፤ ጊዜው እኮ አለፈ።»

ገለጥ አደረጉት። ባቡር ነው። ባቡር! ከክንድ ያነሰ፣
ጎማው የአዝራር ልክ፣ መስኮቱ የሽንብራ፣
ግንባሩ ላይ ፀሐይ ቀለሙን የላሰ።
ቱርኩ መሐንዲስ ነው፣ ካምፑ ሲበተን፣ ሻንጣ ሲሞላበት፣
«ሐዲድ ስትጠብቅ ያጫውትህ» ብሎ፣
ከነመቆጣጠሪያው ጥሎላቸው የሄደ፣ በመጨረሻው ዕለት።

ክብ ሐዲዱን ዘረጋን፣ ከሻይ ብርጭቆ ከባትሪ ክምር መሀል፤
ሦስት ቁጥር ብዬ ጠራሁት (አድራሻው ሦስት ነው)፣ «አቤት» ሳይል ይሄዳል።
ይሄዳል፣ ይዞራል፣ መብራቱን ያበራል፣ ወደ ኋላም ያውቃል፤
ጡሩምባ ስጫን ግን፣ ምራቁን እንደዋጠ ሰው፣ ዝም ብሎኝ ያልፋል።

ከቀላሉ ጀመርኩ። ኑሪያ ታነባለች፣ ደብተር ተደግፋ፦
«ስምንት ቁጥር ቁልፍ ድምፅ ይዘጋል ይላል። ማን ያውቃል፣ ቢጠፋ?»
ተጫንን። ደገምን። ምንም።
የድምፁን ልክ አየን፤ ስልሳ ሦስተኛው ቁጥር ላይ ነው መዝገቡ፤
መቶ ሰማንያ ይላል። ዝቅ ያለ አይደለም። ሌላ ነው ሰበቡ።
ሐዲዱን በአልኮል፣ ጎማውን በጥጥ፤ ጥቁር ወጣ ጥጡ፤
«ከኮምቦልቻ አቧራ ማን ያመልጣል?» አሉና፣
አቶ ይመር ሳጥን ስበው ተቀመጡ።

ሁሉን ወደ ፋብሪካው፤ ስምንተኛው ላይ ስምንት ጻፍኩ፤ እንደ አዲስ ተወልዶ
ተነሳ ልጃችን፣ ያው ዲዳነቱን እንደ ርስት ወስዶ።

ያኔ ጣራው ተፈታ። አራት ብሎን። አንዷ ወለል ላይ ጠፋች፤
ኑሪያ በማግኔት ከሲሚንቶው ስንጥቅ ፈልጋ አወጣች።
ውስጡ የጉንዳን ከተማ፤ ቀይ ሽቦ፣ ጥቁር ሽቦ፣ ብርቱካን፣ ግራጫ፤
ሁለቱ ቡናማ ግን ወደ ስፒከሩ ናቸው፣ ወደ ትንፋሹ ማውጫ።
በመለኪያዬ ነካሁ፤ ስምንት ኦም፤ ሽቦው አልተበጠሰም፤
ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ትንኝ የሚያህል ነገር...
ዝም አላለም፣ ኑሪያ! ልጁ ዝም አላለም!

«እየው» አለች ኑሪያ፣ «ሳጥኑ ለቋል፣ ሙጫው ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፤
የፊቱ ትንፋሽ ወጥቶ፣ የኋላው ዞሮ መጥቶ፣ ይበላላል ተናንቆ።»

አንድ አፍ ነው፣ ሁለት ነፋስ፤ በፊት የገፋውን በኋላ ይስበዋል፤
ክዳን ከሌለው ታዲያ፣ የተናገረውን ራሱ ይውጠዋል።
(እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልናገርም።)

ሙጫ ቀባን ዙሪያውን፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ፣ ቀዳዳው እስኪደፈን፤
ምሳ በልተን መጣን፤ እስኪደርቅ ጠብቀን፣
ጣራውን ሳንገጥም፣ ሦስት ቁጥርን ጠራሁ፤ ጡሩምባውን ተጫንኩ፤
ጎማ ለጣፊው ፓምፑን አቆመ፤
አንድ ባጃጅ ዳር ያዘ፤
እኔው ራሴ ደነገጥኩ።

አቶ ይመር ብቻ አልሳቁም።
አንገታቸውን ዘንበል አርገው፦ «እንዲህ ነው እንዴ?» አሉ።
«አሥር ዓመት ሙሉ ሐዲዱ ዳር ቆሜ፣
በግ ሲያቋርጠው፣ ሣር ሲበቅልበት፣ ቦርከና ሲሞላ፣ ሲጎድል፣
በጆሮዬ ስጠብቀው የኖርኩት እንዲህ አይደል።
ይሄ የደረሰ ነው። አፍንጫዬ ሥር ቆሟል።
የኔ ገና ሐርቡ ነው።
ቀንሱልኝ።»

ዘጠና።
«አሁንም።»
ስልሳ።
«አሁንም፣ ልጄ።»
ሃያ ሁለት ላይ ቆምኩ፣ ትንፋሼንም ይዤ።
ከባትሪው ክምር ጀርባ፣ ከጋራ ማዶ እንደሚመጣ፣
ቀጠን ብሎ ተሰማ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አዎ» አሉ። «እሱ ነው።»
ብር ቆጥረው ሰጡኝ፤ ጋቢያቸው ውስጥ ወሽቀውት ወጡ።

ኑሪያ በደብተሯ፦
«ሳጥን ለቆ ነበር። ተጣብቋል።
ድምፅ፦ ሃያ ሁለት፣ በባለቤቱ ፈቃድ።»